የሰዓት ወንፈል

ስለ በጎ ፈቃድ አስተማሪ ሲነሣ በዐይነ ኅሊናችን ቀድሞ የሚመጣው ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ወጣት ነው። ተማሪውን ስናስብ ደግሞ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሰሌዳውን የሚመለከት ልጅ ይታየናል። ከሁለቱ ጀርባ ያለውን ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብ አንለውም። ልጁ ተቀምጦ ሲማር ከብቱን የሚጠብቀው ማን ነው? ልጅቷ ደብተር ስትይዝ ታናሽ ወንድሟን የሚያዝለውስ? ውሃው በማን እጅ ተቀድቶ፣ እንጀራው በማን እጅ ተጋግሮ ነው ያች የትምህርት ሰዓት የተገኘችው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጁ ማስተማር በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። አስተማሪው ይደክማል፤ እንስራው ግን አይሞላም።

ይህን ጉዳይ በቅርብ የማየት ዕድል ያገኘሁት በ2002 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር በበጎ ፈቃድ ተመዝግበን ወደ ምዕራብ ጎጃም ከሄድን በኋላ በየቀበሌው ስንደለደል፣ ለእኔ የደረሰችኝ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከዋናው መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር ጉዞ ገባ ብላ የምትገኝ የገጠር መንደር ነበረች። ሥራዬም ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች በክረምቱ ወራት እንግሊዝኛ ማስተማር ነበር።

አገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ፍኖተ ሰላምን ያገኛል። ከዚያ ጥቂት ሲጓዝ ቡሬ ይደርሳል። መሬቱ ለም ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው ይበቅላል፤ በርበሬው ደግሞ በየገበያው ስሙ የታወቀ ነው። በመስከረም ያየው ሰው ምድሩ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ምንጣፍ የለበሰ ይመስለዋል።

ክረምቱ ግን በዚያ አገር የዕረፍት ወቅት አይደለም። የከተማ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ያርፋል፤ የገበሬ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ሥራው ይጀምራል። በቆሎው ይኮተኮታል፤ ለጤፉ መሬቱ ይታረሳል፤ ዳጉሳውና በርበሬው ይታረማል። አዝመራው እስከ ደጅ ድረስ ስለሚደርስ ከብት ለአንድ አፍታ ከዐይን ከተሰወረ የጎረቤት ማሳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጠብ ነው። ስለዚህ በክረምት ሥራ ፈት የሆነች የልጅ እጅ አትገኝም።

ያረፍኩት ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት በሆናቸው አንዲት እናት ቤት ነበር። «እማማ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። መኝታዬ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ነበር፤ ከሥሬ አጎዛ፣ ከላዬ ጋቢ። ማታ ማታ የኩራዙ ጭስ ዐይን ቢያቃጥልም ደብተር ለማረም ይበቃ ነበር። ጧት ዶሮ ሲጮህ እሳቸው ተነሥተው እሳቱን አያይዘዋል፤ እኔ ስነሣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይጠብቀኛል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ እሳቸው ሳይቀምሱ ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ የእኔን ግን ከምድጃው ዳር ከድነው ያስቀምጡልኛል። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። መንገዱ ድጥ ስለሆነ በላስቲክ ጫማና በምርኩዝ ነበር የምሄደው፤ እነዚያ ልጆች ግን በባዶ እግራቸው እየሮጡ ያልፉኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሲያይል ቆርቆሮው ስለሚጮህ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ንባቡን አቁመን ጽሕፈት እንማር ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ድምፅ ወደሚፈልገው ወደ ንባቡ እንመለሳለን። የዕለቱን የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣልን ሰማዩ ነበር ማለት ይቻላል።

እንግሊዝኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አስቸጋሪ የሚሆንባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። የእኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩን ዘግቶ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የእንግሊዝኛው ግን መካከል ገብቶ ይቆማል። «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» የሚለውን ልጅ «አይ ድሪንክ ዎተር» ለማሰኘት መጠጣቱን ከውሃው ማስቀደም ያስፈልጋል። «ስኩል» በሉ ሲባሉ «እስኩል» ይላሉ፤ ሁለት ድምፅ አልባ ፊደላት ተከታትለው ቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጡ ምላሳችን ድጋፍ ይፈልጋልና። ይህን ሁሉ በልምምድ ይወጡታል። ልጆቹን በእውነት ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «እርስዎ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ዩ» ነው አልኳት። «አንቺስ?» አለች። እሱም «ዩ» ነው። «አንተስ? እናንተስ?» ሁሉም «ዩ» ሆነ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ጥቂት ቆይታ «እንግዲያ ቋንቋው አያትንና እረኛን አይለይም?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም እንግሊዞች አክብሮታቸውን በሌላ ቃልና በድምፃቸው ለስላሳነት እንደሚገልጹ አስረዳኋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያች ክፍል አያትን ለማነጋገር «ዩ» ሲሉ ከወገባቸው ጎንበስ የሚሉ ተማሪዎች የሞሉባት ሆነች። ማንም ያላስተማራቸው የራሳቸው ሰዋስው ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የትምህርቱ ሰዓት እኛ ከመድረሳችን በፊት ተቆርጦ ነበር፤ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተብሎ። ከተመዘገቡት 40 ልጆች 18ቱ ሴቶች ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከሴቶቹ መካከል የሚመጡት ከ4 ወይም ከ5 አይበልጡም፤ የሚመጡትም ቢሆኑ አርፍደው ገብተው ሳያልቅ ይወጣሉ። ከወንዶቹም እረኞቹ አይታዩም። ሌላው ጓደኛችን በተመደበበት ቀበሌም እንደዚሁ ሆኖ «ለሴት ልጅ ትምህርት ደንታ የላቸውም» እያለ በንዴት ይናገር ነበር።

ለእማማ ነገሩን ሳወያያቸው አልተቆጡም፤ አልተገረሙምም። ጥጥ እየፈተሉ የአንዲትን ልጅ ውሎ ከጧት ጀምረው ቆጠሩልኝ። ጎሕ ሲቀድ ከበረቱ እበት ትዝቃለች። ከምንጭ ውሃ ታመጣለች፤ በክረምት ወንዙ ስለሚደፈርስ ምንጩ ዘንድ ወረፋ አለ። ከዚያ ቁርስ ታደርሳለች፤ ቤት ትጠርጋለች። በ3 ሰዓት እናቷ እንጀራ ልትጋግር ምጣድ ስትጥድ ሕፃኑን የምታዝለው እሷ ናት። 5 ሰዓት ሲሆን ለአራሾቹ ምሳ ይዛ ወደ ማሳ ትወርዳለች። ይህን ቆጥረው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ልጅቷ እንቢ አላለችም፤ እናቷም እንቢ አላለች። ያላችሁት ሰዓት የምጣድ ሰዓት ነው። ምጣድና ደብተር ባንድ እጅ አይያዙም» አሉኝ።

እኚህ እናት ይህን የሚናገሩት ከልምድ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው። ለወጣት አንባቢያን ለማስታወስ ያህል፣ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በከተሞች ተጀምሮ ቀጥሎ ወደ ገጠሩ ተስፋፋ፤ ትምህርቱም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከ100 ኢትዮጵያውያን ከ90 የሚበልጡት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። ዘመቻው ገና በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ዩኔስኮ በየዓመቱ ከሚሰጣቸው የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱን አገራችን አገኘች። በየቤቱ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው መፈክር ይሰማ ነበር።

እማማ በዚያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። «እኛ የተማርነው ማታ ነው» አሉኝ። «ከብቱ ከገባ፣ ራቱ ከተበላ በኋላ፤ ሕፃናቱ አጠገባችን ተኝተው። አስተማሪያችን ከከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ሰዓቱን ጠይቃን ነው የቆረጠችው።» የምስክር ወረቀታቸውን ከሳጥናቸው ግርጌ፣ ከጥሎሽ ቀሚሳቸው ጋር አጣጥፈው አስቀምጠውት ነበር። አውጥተው ሲያሳዩኝ ጫፉ ተበልቷል፤ ስማቸው ግን ይነበባል። እሳቸውም ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡልኝ።

በእርግጥም የበጎ ፈቃድ ማስተማር ታሪክ በአገራችን ረጅም ነው። በ1955 የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛና ሌላም ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ወሰደ። ከእኛም ውጭ ቢታይ ኩባ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ100 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶችን ወደ ገጠር አሰማርታ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎችን አስተምራለች። ከወጣቶቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ልጃገረዶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ፋኖስ ይዘው ነበር የሄዱት፤ ቀን ከገበሬው ጋር በእርሻ ይውላሉ፣ ማታ በፋኖሱ ብርሃን ያስተምራሉ። ፋኖሱ የዘመቻው ምልክት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠርቶ አዳሪ የሚማረው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑን ያወቀ ሰው የመረጠው ዕቃ ነው።

የእኛ መንደር ግን በማታ ለመማር አልተመቸችም፤ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፣ መንገዱ ጨለማና ድጥ ነው፣ ጅብም አለ። መላውን ያመጡት እማማ ናቸው። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች በሰንበቴ ተሰብስበው ሳለ ነገሩን አነሡት። «ለአረም ወንፈል እንገባባ የለም? ዛሬ የአንቺን፣ ነገ የእኔን እናርም የለም? እንግዲያውስ የልጆቹንም ሰዓት በወንፈል እናውጣው» አሉ። ወንፈል ለከተማ አንባቢያን እንግዳ ከሆነ፣ ገበሬዎች ጉልበታቸውን እየተበዳደሩ በተራ የአንዱን ሥራ ባንድነት የሚሠሩበት ልማድ ነው። እናቶቹ ለጥቂት ጊዜ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ተስማሙ።

ስምምነቱ ቀላል ነበር። አራት አራት ቤት ተጣመረ። የአራቱን ቤት ከብት በቀን አንድ እረኛ ብቻ በተራ ይጠብቃል፤ ሦስቱ ይማራሉ። የአራቱን ቤት ሕፃናት በቀን አንዲት እናት ትይዛለች፤ ሌሎቹ እናቶች ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ይማራሉ። የማታውን ውሃ ወንዶቹ ልጆች በአህያ ያመጣሉ። ሰዓቱም ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሆነ፤ ምሳ ወደ ማሳ ከደረሰ በኋላ፣ የራት ጉድጓድ ሳይጀመር ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 18ቱም ሴቶች ልጆች መጡ። አንዷ ብቻ ሕፃን አዝላ መጣች፤ ያን ዕለት ተረኛዋ እናት አሟት ነበር። ሕፃኑም ከሁላችን ጋር «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» እያለ ዋለ።

ሁሉም ሰው ግን አልተደሰተም። አንድ አባት «ሴት ልጅ እንግሊዝኛ ተምራ ለማን ልታወራው ነው?» ብለው ልጃቸውን ለሁለት ቀን አስቀሯት። እኚህ አባት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚቸግራቸው እጅ ማነሱ ነበር። በልጅቷ እናት ልመና ተመልሳ መጣች። ይህች ልጅ ናት በኋላ መንደሩን ሁሉ ያነጋገረውን ነገር ይዛ የመጣችው።

በዚያ ሳምንት የቤተሰብን ስሞች እየተማርን ነበር፤ «ፋዘር»፣ «ማዘር»፣ «ቺልድረን»። በማግሥቱ ልጅቷ አንድ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣችና ከላዩ ካለው ጽሑፍ ላይ አንዱን ቃል በጣቷ ነካችው። «ይኸው ቺልድረን ይላል። የልጆች ነው?» አለችኝ። ጠርሙሱ ታናሽ ወንድሟ ከብት ሲጠብቅ ውሃ እንዲይዝበት እናቷ ያጠበችለት ነበር። ተቀብዬ አየሁት። የነቀዝ መድኃኒት የነበረበት ነው። ቃሉን በትክክል አንብባዋለች፤ ከእሱ በፊት ያሉትን ቃላት ግን አታውቃቸውም። ሙሉው «ኪፕ አዌይ ፍሮም ቺልድረን» ይላል፤ ከልጆች አርቀህ አስቀምጥ ማለት ነው። ከሱ በላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «ፖይዝን» የሚል አለ፤ መርዝ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አልተማርንም። «ፖይዝን» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ሁሉም በደብተራቸው 10 ጊዜ እንዲገለብጡት አደረግሁ። «ኪፕ አዌይ» የሚለውንም አስከተልን። ከዚያም እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ሄደው ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስና ጀሪካን ሁሉ እንዲያነቡ ተላኩ። በማግሥቱ ዘይት የተቀመጠበት፣ ላምባ የተቀዳበት፣ ከአንድ ቤትም ለሕፃን ውሃ የሚቀመጥበት ሳይቀር ዕቃ መጣ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተጠርታ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢታጠብም መርዙ በላስቲኩ ውስጥ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ተበስቶ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በጉድጓድ መቀበር እንዳለበት አስረዳች። ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ። የልጅቷ አባት በዝምታ ከቆፋሪዎቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ቤት የከብት ተራ በደረሰ ቁጥር ከብቱን ይዘው የሚወጡት እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

ይህን የምተርከው የእንግሊዝኛን ቋንቋ ለማግነን አይደለም። ሰው በራሱ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ መቻሉ ይቀድማል፤ እነዚያ ጽሑፎች በአማርኛ ቢጻፉ ደግሞ የበለጠ በጎ ነበር። ሆኖም ዛሬም በየቤታችን ያለው የብዙ መድኃኒት፣ የብዙ ኬሚካልና የብዙ መሣሪያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን በጆሮ ብቻ መልመድም እንደማይበቃ በዚያው ክረምት ማብቂያ አይቻለሁ። ሥራችንን ጨርሰን በባሕር ዳር በኩል ስንመለስ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጢስ ዓባይን ለማየት ሄደን ነበር። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በዚያ ሰሞን ግን ሞልቶ፣ ስሙ እንደሚለው ምድሩን በጢስ ሸፍኖት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላና ቅል የሚሸጡ ትንንሽ ልጃገረዶች ከቱሪስቱ ጋር በእንግሊዝኛ ዋጋ ይከራከራሉ፤ አንደበታቸው የእኔን ተማሪዎች ያስንቃል። አንዷን በቱሪስቶች መንገድ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቢልኝ ብላት ግን አንገቷን ደፋች። ቋንቋው ከአፏ ነበር፤ ከእጇ ግን አልገባም።

ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት አልፏል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት መሰጠት ጀመረ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ልጆቻችን ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የውጤቱ ማነስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን በቅጡ አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ከየት ያመጣል? በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከርመዋል። ያ እኔ የማውቀው አገርም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ዓመት የተቋረጠባት ሴት ልጅ፣ ወንድሟ ሲመለስ እሷ የመመለሷ ነገር አጠራጣሪ ነው። ቤቱ ያለእሷ እጅ መኖርን፣ እሷም ያለ ደብተር መዋልን ይለማመዳሉና ሳይሆን፣ ቤቱ በእሷ እጅ ላይ ይበልጥ ስለሚደገፍ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን፣ ወደ ከተማ እናቶችና ሠራተኞች ልምጣ። ከእነዚያ መንደሮች ተነሥተው አውቶቡስ ላይ የሚሳፈሩ ልጃገረዶች የት እንደሚደርሱ እናውቃለን። ብዙዎቹ የሚደርሱት በእኛው ጓዳ ነው። እኛ ጧት ወደ ቢሮ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሱቅ የምንሄደው ልጃችንን የምታቅፍ፣ ምሳ ዕቃ የምትቋጥር አንዲት ልጅ ስላለችልን ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተቀመጥኩበትን ሰዓት ጭምር የሰጠችኝ እሷ ናት። የእኛ ሰዓት ከእሷ ሰዓት ላይ የተቆረሰ ነው። ብድር መሆኑን ካመንን ደግሞ መመለስ አለበት፤ ወንፈል የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ወንፈል መባሉ ቀርቶ ጭነት ይሆናል።

በየሰፈሩ የማታ ትምህርት ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። «ልላካት ብዬ ነበር፤ እሷ ናት የደከመችው» የምንል ብዙዎች ነን። የዚያችን የጎጃም እናት ቆጠራ እንዋስና የልጅቷን ውሎ ከጧት ጀምረን እንቁጠረው። ትምህርቱ የሚጀምረው ማታ 12 ሰዓት ከሆነና እኛ ራት በ1 ሰዓት ካልቀረበ የምንቆጣ ከሆነ፣ እኛም የምጣድ ሰዓት ላይ ነው የቀጠርናት። ራቱን ከቀን ማዘጋጀት ይቻላል። ዕቃውን የቤቱ ወንዶች ልጆችም ሊያጥቡት ይችላሉ፤ በእነዚያ መንደሮች ውሃ በአህያ ያመጡ ልጆች ወንድነታቸው አልቀነሰም። አባወራውም ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት ቢያቅፍ ክብሩ አይጓደልም።

ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም ማታ መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ መላ አለ። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ የምንወጣ ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች እንስማማ። በሳምንት ሦስት ማታ ልጃገረዶቹ በአንዷ ቤት ይሰብሰቡ። አንዷ እንግሊዝኛ፣ አንዷ ሒሳብ፣ አንዷ አማርኛ ንባብ ታስተምር። ባንክ የምትሠራዋ፣ ነርሷ፣ የቢሮ ጸሐፊዋ፣ ሁላችንም ከምናውቀው የምናካፍለው አናጣም። ዕድሜዋ ለአቅመ ሥራ ሳይደርስ የመጣች ሕፃን ከሆነች ደግሞ መልሱ የማታ ትምህርት አይደለም፤ ቀን ከእኩዮቿ ጋር ትምህርት ቤት መግባቷ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ካጣን ከወጥ ቤት እንጀምር፤ በዘይቱ፣ በበረኪናው፣ በመድኃኒቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ትምህርት ነው። ለማስተማር ባሕር መሻገር ወይም ድጥ መውጣት የግድ አይደለም። ጠመኔና ሰሌዳም አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ሰው ጠይቆ የተቆረጠ ሰዓት ይበቃል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ዕቃው ታጥቦ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያችን ልጅ ጠርተን «ስንተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቆምሽው?» ብለን እንጠይቃት። መልሷን ከሰማን በኋላ ደግሞ «የትኛው ሰዓት ይመችሻል?» እንበላት።